መድኃኒቱ ለብሶ እኔ የታረዝኩበት ዳገት

ቦንዳ ሲፈታ መጀመሪያ የሚፈተሸው ኪስ ነው። ልብሱ ይቆያል፤ የትም አይሄድም። ኪስ ግን ምን እንደያዘ አይታወቅም። የሰው አገር ሳንቲም አግኝቻለሁ፤ የደረቀ ማስቲካ አግኝቻለሁ፤ አንድ ጊዜማ በወረቀት የተጠቀለለ የሕፃን ጥርስ አግኝቼ የት እንደምጥለው ጨንቆኝ ነበር። ቆቦ ገበያ ላይ ልባሽ ጨርቅ ስሸጥ ነው ፀጉሬ የሸበተው። በእጄ ካለፈው ልብስ ሁሉ ኪሱን ያልፈተሽኩት አንድ ብቻ ነበር። እሱም በቤቴ በር ጀርባ፣ ሚስማር ላይ የተሰቀለው የዘሀራ ጃኬት ነው።

ዘሀራ ባለቤቴ ነበረች። ይህ የማወራችሁ ነገር ሲደርስብኝ ከሞተች ዓመት አልሞላትም። በእኛ ዘንድ የሟች ልብስ ቤት ውስጥ አይከርምም፤ ለምስኪን ይሰጥና ለነፍሷ ሰደቃ ይሆናል። ቀሚሶቿንና ሻሾቿን እህቶቼ ወስደው አከፋፈሉ። ጃኬቱ ላይ ሲደርሱ «እሱን ተዉት፤ እኔ እሰጠዋለሁ» አልኳቸው። አልሰጠሁትም። የማይሸጥ፣ የማይሰጥ፣ የማይለበስ ዕቃ ነጋዴ ቤት ምን እንደሚሠራ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

ስትሞት አላለቀስኩም። ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ የመጣውን ሰው ስቀበል ሽማግሌዎቹ «ማሻአላህ፣ እንዴት ያለ ሰብር ነው!» እየተባባሉ አመሰገኑኝ። እኔ ግን ትዕግሥት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ጥርስ ሊነቀል መርፌ የተወጋ ድድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ትነክሱታላችሁ፣ ትቆነጥጡታላችሁ፣ የሌላ ሰው ድድ ነው። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። በሳምንቱ ሱቅ ከፈትኩ። ዋጃ ገበያ ሄድኩ፣ ሮቢት ገበያ ሄድኩ። ስቀልድ ሰው ይስቃል፤ እኔ ቀልዱ ከየት እንደመጣ አላውቅም።

የዘሀራ እናት እማ ፋጦ ይባላሉ። የሚኖሩት ከቆቦ በስተምዕራብ ካለው ደጋ ላይ ነው፤ ዘሀራም የተወለደችው እዚያው ነው። የስኳር ሕመም አለባቸው፤ ዓይናቸው ከጥላ በቀር ምንም አይለይም። መርፌው እዚያ አካባቢ ስለማይገኝ ዘሀራ በየወሩ ከቆቦ ገዝታ ይዛላቸው ትወጣ ነበር። መኪና ካለ በመኪና፣ ከሌለ በእግሯ። በክረምት ስትወጣ አለባበሷ ያስቀኝ ነበር። እግሯ ላይ የኮንጎ ጫማ፣ ከቦንዳ መርጣ ያወጣችው የሱፍ ካልሲ፣ ላዩ ላይ ያ ጃኬት። ጃኬቱ የሰፋፊ ሰዎች አገር ጃኬት ስለነበር እጅጌውን ሁለት ጊዜ ታጥፈዋለች። ሲራመዱበት «ሽው ሽው» የሚል ዓይነት ነው፤ ከመንደሩ ጫፍ ይሰማል። ጥሩ ጫማዋን በፌስታል ይዛ ትሄድና ከእናቷ ቤት በታች ያለው ምንጭ ጋ ስትደርስ እግሯን ታጥባ ትቀይራለች። «ነጋዴ አግብተሽ እንደ ለማኝ ትሄጃለሽ» ስላት፣ «ዝናቡ ያንተን ሱቅ አያውቀውም» ትለኝ ነበር።

ከሞተች በኋላ እኔ አልወጣሁም። መድኃኒቱን እየገዛሁ ወደዚያ ለሚመላለስ የሚኒባስ ሾፌር እሰጠዋለሁ፤ እሱ ለጎረቤታቸው ለእንድሪስ ያደርሳል። ሥራ በዛብኝ እያልኩ ነበር። እማ ፋጦ አንድም ጊዜ ለምን አልመጣህም አላሉኝም።

ነሐሴ ላይ ጎርፍ መጣና ወደ ደጋው የሚወጣውን ጠጠር መንገድ ወንዙ መሻገሪያ ላይ ቆርጦ ጣለው። መኪና ቆመ። መድኃኒቱ ገና ከሾፌሩ እጅ ሳይደርስ እኔው ዘንድ ቀረ፤ በእርጥብ አሸዋ በተሞላ ማሰሮ ውስጥ አስቀምጬው ነበር፣ የቆቦ ሙቀት እንዳያበላሸው። መንገዱ ዛሬ ይጠገናል ነገ ይጠገናል ስንል ቆየንና አንድ ቀን በጠዋቱ እንድሪስ ደወለ።

«ሙሄ፣ መርፌው አልቋል» አለኝ።

የመጨረሻዋን ጠብታ ከተወጉ ሁለተኛ ቀናቸው መሆኑን፣ ውሃ ጠጥተው እንደማይጠግቡ፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ ደግሞ እያስታወካቸው እንደሆነ ነገረኝ። ተሸክመን እናውርዳቸው ብንል እምቢ አሉ አለ። ከመሄድ የሚያስቀረኝ ምክንያት ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። ከእኔ ሌላ የሚሄድ ሰው የለም። በእግር ከሆነ ሳልደርስ ይመሻል፤ በቅሎ የሚያከራይ ሰው ፈልጌ አጣሁ። ሱቁ ጀርባ የቆመች ብስክሌት አለችኝ፤ ገበያ ለገበያ የምሮጥባት። ሜዳውን በእሷ አልፋለሁ፣ ዳገቱን እየገፋኋት እወጣለሁ፣ ላይኛውን ሜዳ ደግሞ እጋልባለሁ አልኩ። ሒሳቡ ልክ ነበር። ያላሰብኩበት ልብሱን ነው።

ማለቴ አስቤበታለሁ፤ ያሰብኩት ግን ስለ አማቴ ነው። እንደ እኔ ያለ አማች አማቱ ቤት ተዝረክርኮ አይሄድም፤ ያውም ከስንት ወር በኋላ። ነጭ ሸሚዝ ለበስኩ፣ የጥጥ ሹራብ ደረብኩ፣ ኮት ደረብኩ፣ የታጠበ ጋቢ በላዩ አጣፋሁ። ከዚያ ከጎኔ ጫማ ወደሚሸጠው ወደ ጎይቶም ሄጄ አዲስ ቆዳ ጫማ አስወጣሁ፣ ሶሉ ቆዳ የሆነ፣ ሲረግጡት ቋ ቋ የሚል።

ጎይቶም እግሬን ዓይቶ፣ ብስክሌቷን ዓይቶ፣ «በዚህ ልትወጣ ነው?» አለኝ።

«አማቴ ቤት ነው የምሄደው።»

«አማትህ ዓይናቸው አያይ። ለማን ነው የምታጌጠው?»

«ጆሮ አላቸው» አልኩት። «ኮቴዬን ይሰሙታል።»

«እንግዲያስ ጥሩ» አለ። «ስትወድቅም ይሰሙሃል።»

ክሩን አጥብቆ አሰረልኝና ትንሽ ይጠባል እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። ይጠባል፣ ግን ያምራል አልኩት። ደንበኞቼ ሁሌ እንዲህ ሲሉኝ ውስጤ ይስቅ ነበር።

ለመድኃኒቱ ግን እንደ ሙሽራ ተጨነቅሁለት። ፋርማሲስቱ ሙቀትም ውርጭም አይወድም ብሎኛል፤ እኔ የማውቀው ሙቀቱን ነው። ብልቃጦቹን በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለልኩ፣ በጣሳ ከተትኩ፣ ጣሳውን ደግሞ ፀሐይ እንዳያገኘው የምሸፍንበት ፈለግሁ። እጄ ወደ በሩ ጀርባ ሄደ። የዘሀራን ጃኬት ከሚስማሩ አውርጄ ጣሳውን ጠቀለልኩበትና በጎማ ገመድ ከብስክሌቷ የኋላ መጫኛ ጋር ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት። ጃኬቱን ሳወርደው ምንም አልተሰማኝም። ዕቃ ነው ያወረድኩት።

ከከተማው ስወጣ ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። የቆላ ሰው ስለ ደጋ ብርድ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ እሱም መደረብ። ስለዚህ ገና ከማሽላው ማሳ መሃል ጀምሬ ሁሉንም ለብሼ ነበር፤ ጋቢውን የማስርበት ቦታ መድኃኒቱ ይዞታል። መሻገሪያው ጋ ስደርስ ላቤ ሸሚዜን አልፎ ሹራቡን አርሶ ነበር። ጫማዬን አውልቄ፣ ብስክሌቷን ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ የደፈረሰውን ውሃ ተሻገርኩ። ማዶ ቁጭ ብዬ ጫማዬን ጠራርጌ መልሼ አሰርኩ። አንድ የጭቃ ነጠብጣብ አልነበረበትም። ኮራሁ።

ዳገቱ ላይ እኔ ብስክሌቷን ልግፋት እሷ እኔን ትጎትተኝ ለመለየት አስቸጋሪ ነበር። ቆዳ ሶል እርጥብ ድንጋይ ላይ እንዴት እንደሚያንሸራትት ጎይቶም አልነገረኝም፤ እኔም ጠይቄው አላውቅም። እየወደቅሁ፣ እየተነሳሁ፣ እያላበኝ ወጣሁ። ግማሽ ላይ ጉም ተቀበለኝ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ቀዘቀዘልኝ አልኩ። ከዚያ ካፊያ ሆነ። አናቱ ላይ ስወጣ ዝናብ ሆነ።

ከላይ ሜዳ ነው። ነፋሱን የሚከለክል ነገር የለም። እንደ አሰብኩት ብስክሌቷ ላይ ወጥቼ መጋለብ ጀመርኩ። ያን ጊዜ ነው ስህተቴ የገባኝ፤ ገብቶኝም ምንም ማድረግ አልቻልኩም። ስገፋ ያላበኝ ላብ ስጋልብ በረዶ ሆነ። ከውስጥ ላቡ፣ ከውጭ ዝናቡ፣ መሃል ላይ ጥጡ ሁለቱንም ጠጥቶ ደረቴ ላይ ተለጥፏል። ጋቢው ከብዶ ትከሻዬን ወደ ኋላ ይጎትተኛል፤ ጫፉ ጎማው ውስጥ እየገባ ሁለት ጊዜ ሊጥለኝ ነበር። ሰው ሲሮጥ ይሞቀዋል፤ ብስክሌት ላይ ግን በፈጠንክ ቁጥር ነፋሱን አንተው ራስህ ነህ የምታመጣው።

ጣቶቼ መጀመሪያ አመሙኝ። ቀጥሎ ጠፉ። መሪውን እንደያዝኩ የማውቀው እያየኋቸው ነው። እግሬም እንደዚሁ። ጠባቡ ጫማ ውሃ ጠጥቶ ይበልጥ ጠበበ፤ ከቁርጭምጭሚቴ በታች ያለው እግር ጎይቶም በብድር የሰጠኝ ይመስል ነበር። ቁልቁለት ሲመጣ ፍሬን ልይዝ አልኩ። ጣቶቼ አልታዘዙም። በጫማዬ መሬቱን ልያዝ አልኩ፤ ሶሉ እንደ ሳሙና አለፈ። ከአንድ የድንጋይ ካብ ጋር ተላትሜ ቆምኩ።

ጎኔን ያመመኝ ይመስለኛል። እርግጠኛ አይደለሁም። ተነስቼ ጣሳውን በመዳፌ ጠርዝ ደበደብኩት፤ የተሰበረ ነገር ድምፅ አልሰማሁም። ከዚያ ካቡ ሥር ነፋስ የማይመታበት ቦታ አገኘሁና ትንሽ ልረፍ ብዬ ተቀመጥኩ።

ሲያንቀጠቅጠኝ የነበረው ተወኝ። ይኼን ልብ በሉልኝ፤ ተወኝ፤ እኔም አልሐምዱሊላህ አልኩ። ጥሩ ነበር። ዝናቡ ይወርዳል፣ እኔ ላይ አይደለም የሚወርደው። እማ ፋጦን አሰብኩ፤ አንድ የማላውቃቸው አሮጊት እዚያ ማዶ ታመዋል። ዘሀራን አሰብኩ። እሷም እንደዚያው። እንቅልፍ መጣብኝ። ከቀብሯ ቀን ጀምሮ የነበርኩበት ቦታ ይህ ነበር፤ ልዩነቱ አሁን ሰውነቴም ተከትሎኝ መምጣቱ ብቻ ነው።

«ምን ሆነህ ነው የተቀመጥከው?»

ቀና ስል የበግ ፀጉር ባና የተከናነበ ጎልማሳ ገበሬ ከፊቴ ቆሟል። በጎቹን ወደ ቤት እየነዳ ነበር። ባናው ላይ ያለው ውሃ እንደ ጤዛ ላዩ ላይ ቁጭ ብሏል፤ ወደ ውስጥ አልገባም።

«ላርፍ ብዬ» አልኩት። ምላሴም ደንዝዟል።

«እዚህ ያረፈን ሰው የሚያነሳው ሌላ ሰው ነው» አለ። «ብርዱስ?»

«ትቶኛል።»

«ብርድ ሰው አይተውም፤ ሲጨርስህ ነው የሚተውህ። ተነስ።»

አልተነሳሁም። እሱም አልጠበቀኝም። በብብቴ ይዞ አቆመኝና ጋቢዬን ገፎ ጨመቀው። የወረደውን ውሃ እያየ፣ ይኼ ጋቢ ከበጎቼ የበለጠ ጠጥቷል አለ። ኮቴን አወለቀ፣ ሹራቡን አወለቀ። ሸሚዜን ሲያወልቅ ልከለክለው ፈልጌ እጄ አልመጣልኝም። ከዚያ ዓይኑ ብስክሌቷ ላይ ወደቀ።

«ያ የታሰረው ምንድን ነው?»

«መድኃኒት ነው። የአማቴ።»

«ላዩ ላይ ያለውስ?»

«ጃኬት።»

ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። «አይ የቆላ ሰው» አለ። «መድኃኒቱን አልብሰህ አንተ ታርዘህ!»

ገመዱን ሲፈታ፣ «ተወው፣ የባለቤቴ ነው» አልኩት።

«ብትለብሰው ትቆጣለች?»

«ሞታለች።»

እጁ ገመዱ ላይ ቆመ። በጎቹ ተሰብስበው ይጠብቁታል። «እግዜር ነፍስ ይማር» አለ፣ ከዚያ መፍታቱን ቀጠለ። «እንግዲያ አትቆጣም።»

ራቁት ገላዬ ላይ ጃኬቱን አለበሰኝ። ዚፑን እስከ አገጬ ዘጋው። ሁለት ጊዜ የታጠፈውን እጅጌ ወደ ታች ዘረጋውና ጣቶቼን ሸፈነልኝ። እጥፋቱ ባለፈው ክረምት የታጠፈ ነበር፤ መስመሩ ጨርቁ ላይ ቀርቷል። አየሁት። ብልቃጦቹን ከእርጥቡ ጨርቅ አውጥቶ፣ እዚህ ብርድ ውስጥስ እርጥበቱ ምን ይሠራላቸዋል ብሎ፣ በውስጠኛው ኪስ ደረቴ ላይ ሊከታቸው እጁን ሰደደ።

«አንድ ነገር አለ እዚህ» አለ።

በሕይወቴ ስንት ኪስ ፈትሻለሁ። የእኔን ኪስ መንገደኛ ፈተሸልኝ።

ያወጣው ሁለት ፌስታል ነበር፤ አንዱ ባንዱ ውስጥ የተጠቀለለ። ፈታው። ውስጡ የሱፍ ካልሲ አለ፣ የተጣጠፈ፣ ደረቅ። ገበሬው ካልሲውን አሸተተ፣ በጣቱ ፈተገው።

«ሚስትህ የደጋ ሴት ናት» አለ።

«በምን አወቅህ?»

«የእግሯን ነገር ከሁሉ በፊት ከዝናብ አስጥላለች።»

ጫማዬን ለማውለቅ ክሩን መቁረጥ ግድ ሆነበት። እግሬ ነጭ ሆኖ ነበር፤ የተላጠ ድንች ይመስላል። በባናው ጫፍ አደረቀው፣ አላሸውም። ካልሲውን አጠለቀልኝ፣ በካልሲው ላይ ፌስታሉን፣ በፌስታሉ ላይ ያንን ቆዳ ጫማ ያለ ክር ከፍቶ ሰካውና መድኃኒቱ ታስሮበት በነበረው የጎማ ገመድ አሰረው። ጠባብ ጫማ ከውርጭ ይብሳል፣ ጣት ካልተንቀሳቀሰ ሞተ በለው አለኝ። ከዚያ ወደ ቤቱ ሊወስደኝ ጠየቀ፤ ቤቱ ግን ወደ ኋላ ነው። አማቴ ከትናንት ጀምሮ ያለ መድኃኒት ናቸው አልኩት። አልተከራከረኝም። ዳገቱን እየገፋህ ሂድ፣ ሳያልብህ፤ ላብ ሲጀምርህ ዚፑን ክፈት፤ ቁልቁለት ሲመጣ ዝጋው፤ እንዳትቀመጥ አለኝ። ስሙን ሳልጠይቀው በጎቹን ነድቶ ሄደ።

ሄድኩ። ስለቀረው መንገድ የማስታውሰው ያንን ድምፅ ብቻ ነው፤ በተነቃነቅሁ ቁጥር ሽው ሽው ይላል። እያንቀጠቀጠኝ መጣ፤ ጥርሴ ይጋጫል። ቅድም ሲተወኝ ያመሰገንኩ ሰው፣ ሲመለስ ደግሞ ተሳደብኩ።

ምንጩ ጋ ስደርስ ሊመሽ ትንሽ ቀርቶታል። ዘሀራ ጫማ የምትቀይርበት ድንጋይ እዚያው አለ። እኔ የምቀይረው አልነበረኝም። ጥሩ ጫማዬ እግሬ ላይ ነው፣ በጎማ ታስሮ፣ ፌስታል በዙሪያው እየተንገላታ። ኮቴዬ የጫማ ሳይሆን የረግረግ ነው። በዚያ ሁኔታ ግቢው ገባሁ፣ ብስክሌቷን አጥሩ ላይ ጣልኳት፣ በሩን ገፋሁ።

እማ ፋጦ መደቡ ላይ ተጋድመዋል፤ እንድሪስ ከጎናቸው ውሃ ይዞ ተቀምጧል። ከደጅ ወደ ውስጥ ሁለት እርምጃ ስገባ ጃኬቱ ሽው አለ።

አንገታቸውን ቀና አደረጉ። ፊታቸው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«ዘሀራ?»

እንድሪስ ውሃውን እንደያዘ ቀረ። እኔም ባለሁበት ቆምኩ፤ ብንቀሳቀስ ይሰማል። የት እንደምሄድ አላውቅም፤ ወደ ኋላ ብመለስም ሽው ይላል።

«እኔ ነኝ እማ» አልኩ። «ሙሄ ነኝ። መድኃኒት ይዤ ነው።»

ራሳቸውን መልሰው አሳረፉ።

«አውቃለሁ» አሉ። «እኔስ አውቃለሁ። ጆሮዬ ነው ያላወቀው።»

እንድሪስ መድኃኒቱን ወጋቸው። ብልቃጦቹ ደህና ነበሩ፤ ደረቴ ላይ ለብ ብለው ነው የመጡት። እሱ ሌሊቱን ሙሉ አብሯቸው ሊያድር ነበር የተዘጋጀው፤ ግን ጥቂት ቆይቶ ማስታወኩ ጋብ አለላቸው። ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞሩ።

«እግርህ ድምፁ ልክ አይደለም» አሉኝ። «አምጣው።»

አንባቢዬ አገራችንን ካላወቅህ ይህ ቀላል ይመስልሃል። አማች አማቱ ፊት እግሩን አይዘረጋም። እኔ ዘሀራን ካገባሁ ጀምሮ እኚህ ሴት ፊት ጠግቤ በልቼ አላውቅም፣ እንኳን እግሬን ልሰጥ። ደህና ነው አልኳቸው። ነውር ነው እማ አልኳቸው።

«ነውር የሚባለው በደህና እግር ነው» አሉ። «አምጣው ብያለሁ።»

እንድሪስ ጫማውን ፈታልኝና እግሬን ወደ እሳቱ ሊጎትት ሲል ከለከሉት፤ የደነዘዘ ሥጋ ሲቃጠል አያውቅም አሉት። ፌስታሉን በእጃቸው ዳስሰው አወለቁ። ካልሲው ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ተረከዙ ላይ ቆመ። እዚያ ጋ በክር የተጣፈች ቦታ አለች። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ዳሰሷት። እግሬን ጭናቸው ላይ አድርገው በባናቸው ሸፈኑት፣ በሁለት እጃቸው ያዙት።

ለረጅም ጊዜ ምንም አልነበረም። ከዚያ ከትንሿ ጣት ጀመረ። መርፌ ነው መጀመሪያ፣ ቀጥሎ እሳት ነው፣ ቀጥሎ ስሙን የማላውቀው ነገር ነው። እግሬን ላስለቅቅ ስል ያዙኝ። ሲመለስ ያማል፣ ተወው ይመም አሉኝ። ጥርሴን ነከስኩ፤ አልሆነም። ጮህኩ። ቀጥሎ ማልቀስ ጀመርኩ፤ እንደ ሕፃን፣ አፍንጫዬ እየፈሰሰ። ድንኳን ውስጥ የተመሰገነው ሰው ያ ነው።

«እግሩን አመመው» አለ እንድሪስ፣ የሆነ ነገር ማለት እንዳለበት ተሰምቶት።

«አዎ» አሉ እማ ፋጦ። እጃቸውን አላነሱም። «እግሩን ነው።»

በማግስቱ ተሽሏቸው ተቀመጡ። ጃኬቱ ምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ይደርቃል። ልብሷን ሰጠህ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ሁሉንም ሰጥተናል፣ ከዚህ በቀር አልኳቸው። ይህንንም አሁን ስመለስ እሰጠዋለሁ አልኩ፤ የሟች ልብስ ይዤ በመቆየቴ የሚቆጡኝ መስሎኝ።

«ይኼ ገና አልሞተም» አሉ። «ሥራ ላይ ነው። እኔ እስካለሁ ለብሰኸው ና። እኔ ስሄድ የእኔንም ቀሚስ ጨምረህ አንድ ላይ ስጥ።»

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ መንገዱ ተጠግኗል፤ ሚኒባሱም ይወጣል። እኔ ግን በየወሩ በብስክሌት ነው የምወጣው። ጎይቶም አብደሃል ይለኛል። ሊሆን ይችላል። አወጣጤን ግን ተምሬአለሁ፤ እናንተም በዝናብና በብርድ ብስክሌት የምትነዱ ካላችሁ ከነጋዴ በነፃ ውሰዱ፤ ሁለተኛ አታገኙም። ጥጥ ገላችሁን አታስነኩት፤ ጥጥ ባለውለታ የሚመስል ጠላት ነው። ለሙቀት ከሥር ሱፍ ይሁን፣ ቀጭንም ቢሆን። ከላይ ነፋስ የማያስገባ ነገር ይበቃል፣ ውፍረት አትፈልጉ። ስትነሱ ትንሽ ይብረዳችሁ፤ ሲነሳ የሞቀው ሰው ዳገቱ ላይ ይጠመቃል። ጫማ ጣት የሚያላውስ ይሁን። ደረቅ ካልሲ በፌስታል ጠቅልላችሁ ደረታችሁ ላይ ያዙ፤ ባይጠቅማችሁ ለሌላ ሰው ይጠቅማል። ጥሩ ጫማችሁን ደግሞ ይዛችሁ ሂዱ፣ አታድርጉት። እኔ አሁን ኮንጎ ጫማ አድርጌ እወጣና ምንጩ ጋ እቀይራለሁ፣ እዚያው ድንጋይ ላይ።

ሱቄም ትንሽ ተበላሽቷል። ሰው ጃኬት ሲያነሳ የት ልትለብሰው ነው ብዬ እጠይቃለሁ። ይኼማ ላንተ አይሆንም እላለሁ። ስንት ደንበኛ ተቆጥቶ ሄዷል። ጎይቶም ይሄ ሰው ዕቃ መሸጥ ትቶ ሰው ማልበስ ጀመረ እያለ ያማኛል።

ስለ ዘሀራ ተፅናናሁ ብዬ አልዋሻችሁም። አሁን ያመኛል፤ በፊት አያመኝም ነበር። የቱ እንደሚሻል የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

አንድ ነገር ብቻ ያስጨንቀኝ ነበር። እማ ፋጦን ያኔ በር ላይ ያሳሳትኳቸው ነገር አልወጣልኝ አለ። ስለዚህ ጃኬቱን ለብሼ በሄድኩ ቁጥር ከአጥሩ ማዶ ጀምሬ «እማ፣ ሙሄ ነኝ! እማ፣ እኔ ነኝ!» እያልኩ ነበር የምገባው፤ ሽው ሽው ከመድረሱ በፊት ስሜ እንዲደርስ። ባለፈው ወር ግን ገብቼ ሳልቀመጥ ተናገሩኝ።

«ከአጥር ጀምረህ አትጣራ» አሉኝ።

«እንዳይደናገርዎት ብዬ ነው እኮ እማ።»

ፊታቸውን ወደ በሩ መለሱ።

«ተወኝ» አሉ። «ጆሮዬ ትንሽ ይሳሳት።»